ለብዙ ጊዜ ተዘግቶ የቆየ ሰውና የነርቭ ጤንነቱ

(በካምፑ ሬዲዮ የጤና ዝግጅት የተላለፈ ንግግር። በስርጭቱ ሰዓት ላልሰሙና ደግመው ማንበብ ለሚፈልጉ ነዋሪዎች በጽሑፍ የቀረበ።)

 

ዛሬ የምንነጋገረው ብዙዎቻችሁ ስለምታውቁት ሰው ነው። ምናልባት የመን ደርሶ፣ እዚያ በደላሎች ግቢ ተቆልፎበት ወራት ቆይቶ፣ በጀልባ ወደ ኦቦክ የተመለሰ ወጣት ነው። ምናልባት በሳዑዲ ዐረቢያ መያዣ ቤት ከብዙ ሰው ጋር ተጨናንቆ የኖረ ነው። ወይም እዚሁ ጅቡቲ ከተማ በሰው ቤት ተቀጥራ፣ አሠሪዎቿ በወጡ ቁጥር በሩ ከውጭ እየተቆለፈባት ሁለት ዓመት የኖረች እኅታችን ናት። አሁን ሁሉም ተለቀዋል፤ በመካከላችን አሉ። ነገር ግን ከመጠለያቸው አይወጡም። ቀን ይተኛሉ፣ ሌሊት ቁጭ ብለው ያድራሉ። የቆርቆሮ በር ሲንኳኳ ይበረግጋሉ። ስማቸው ሲጠራ ቆይተው ነው የሚመልሱት። የጀመሩትን ነገር ይረሳሉ፤ ያለ ምክንያት ይቆጣሉ፤ ከዚያም ያለቅሳሉ።

ጎረቤት አንዱ «ኮርቷል» ይላል። ሌላው «ዓይነ ጥላ ነው» ይላል። ሦስተኛው «አብዷል፣ ልጆቻችሁን አርቁ» ይላል። እኔ ግን ይህ ሁሉ በአብዛኛው ሥርዓተ ነርቭ ለብዙ ጊዜ ተዘግቶ በመቆየቱ የደረሰበት ጉዳት ነው እላለሁ። ጉዳቱ እውነተኛ ነው። ብዙውን ጊዜ ይሻሻላል፤ እንዲሻሻል ግን ሰውየውን እኛ ራሳችን መልሰን መዝጋት የለብንም። ይህን ንግግር ያዘጋጀሁትም በየመጠለያው «እንዳይጠፋብን» ብለው ዘመዳቸውን በጨለማ የሚያስቀምጡ፣ አልፎም በገመድና በሰንሰለት የሚያስሩ ቤተሰቦች ስላሉ ነው።

ሥርዓተ ነርቭ ስንል አንጎልን፣ በአከርካሪ አጥንት ውስጥ የሚወርደውን ሕብለ ሰረሰርን፣ ከዚያም እንደ ስልክ ሽቦ እስከ ጣት ጫፍ የሚዘረጉትን ነርቮች ማለታችን ነው። አንጎል ሥራውን በትክክል የሚሠራው ከውጭ መልእክት ሲደርሰው ነው፤ ብርሃን ሲያይ፣ የሰው ድምፅ ሲሰማ፣ ሰውነት ሲንቀሳቀስ፣ ቀኑ ከሌሊቱ ሲለይ። እነዚህ ሲቋረጡ ይታወካል።

ምናልባት «የሚታወከው ደካማ ሰው ነው» የሚል ይኖራል። ጅቡቲ ከተማ የነበራችሁ ከወደቡ ባሻገር መልሕቅ ጥለው ተራ የሚጠብቁትን መርከቦች አይታችኋል። እ.ኤ.አ. በ2020 በኮሮና ምክንያት አገሮች ድንበራቸውን ሲዘጉ በመላው ዓለም ወደ 400 ሺህ የሚደርሱ መርከበኞች የሥራ ውላቸው ካለቀ በኋላ ከመርከብ መውረድ አቅቷቸው ነበር። ማዕበል የለመዱ፣ ጉልበተኛ ሰዎች ናቸው። እነርሱም እንቅልፍ አጥተዋል፤ ተጨንቀዋል።

ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳም አለ። በአንታርክቲካ የበረዶ ምድር ኖይማየር 3 በተባለ የጀርመን የምርምር ጣቢያ 9 ሰዎች 14 ወር ቆዩ። በፈቃዳቸው የሄዱ፣ ምግብና ሙቀት ያልጎደለባቸው፣ ሥራ ያላቸው ሰዎች ናቸው። ነገር ግን በረዶና ጨለማ ለወራት ከውጭው ዓለም ቆርጧቸው ነበር። አንጎላቸው ከመሄዳቸው በፊትና ከተመለሱ በኋላ በመሣሪያ ተነሥቶ ሲነጻጸር፣ ለትዝታና መንገድን ለማወቅ የሚያገለግለው ሂፖካምፐስ የሚባለው የአንጎል ክፍል አንዱ አካል ከሌሎች ሰዎች ጋር ሲመዛዘን በአማካይ 7 በመቶ ያህል አንሶ ተገኘ። የነርቭ ሕዋሳትን እንደ ማዳበሪያ የሚያለመልም አንድ ፕሮቲንም በደማቸው ቀንሶ ነበር። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2019 ታትሟል። ጥጋብና ጓደኛ ያላቸው ሰዎች እንዲህ ከሆኑ፣ በረሃብና በዱላ የተዘጋው ልጃችን ቢረሳና ግራ ቢገባው ሊደንቀን አይገባም።

ስለ አንድ ሌላ ነገር ብዙ ቤተሰብ ይደነግጣል፤ እርሱም ተዘግቶ የነበረው ሰው የሌለ ድምፅ ሰማሁ፣ የሌለ ሰው አየሁ ሲል ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ በካናዳ ማክጊል ዩኒቨርሲቲ ዶናልድ ሄብ የተባለ ሊቅ ጤነኛ ተማሪዎችን ገንዘብ እየከፈለ ጸጥ ባለ ክፍል አስተኛቸው፤ ዓይናቸውን ብርሃን ብቻ በሚያሳልፍ መነጽር፣ እጃቸውን በጓንት ሸፈነው። ብዙዎቹ ከጥቂት ቀናት በላይ አልቻሉም። ከመካከላቸው የሌለ ምስል የታያቸው፣ የሌለ ድምፅ የሰሙ ነበሩ። ጆሮ የሚሰማው ሲያጣ አንጎል ከራሱ ያወጣል። ስለዚህ አንድ ሰው በጨለማ ቤት ሳለ ድምፅ ሰማሁ ስላለ ብቻ አብዷል አይባልም። ከወጣ በኋላ ከሰነበተ፣ ወይም ድምፁ «ራስህን ጉዳ» የሚለው ከሆነ ግን ሳይውል ሳያድር ክሊኒክ መምጣት አለበት።

የአደጋው ደወልም አለ። አንጎል አደጋ ሲያይ አድሬናሊንና ኮርቲዞል የሚባሉ ሆርሞኖች እንዲፈሱ ያዝዛል፤ ልብ ይመታል፣ ጡንቻ ይወጠራል፣ እንቅልፍ ይሸሻል። ይህ ለአንድ ሰዓት ሲሆን ሕይወት ያድናል። በእስር ቤት ግን በሩ መቼ እንደሚከፈት፣ የሚገባው ምግብ ይሁን ዱላ ስለማይታወቅ ደወሉ ወራት ሙሉ ሲደወል ይኖራል። ሰውየው ሲፈታ ደወሉ ወዲያው ዝም አይልም። እጁን ከኋላ ስትነኩት የሚዘለውም ለዚህ ነው።

የዓለም መንግሥታት ራሳቸው ይህን አምነዋል። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2015 ያጸደቀውና በኔልሰን ማንዴላ ስም የሚጠራው የእስረኞች አያያዝ ደንብ፣ አንድን እስረኛ በቀን 22 ሰዓትና ከዚያ በላይ ከሰው ለይቶ ከ15 ተከታታይ ቀን በላይ ማቆየትን ከልክሏል። ከመካከላችን 15 ወር የቆየ አለ።

አሁን ደግሞ ከጎረቤታችን ከሶማሊያ የሆነ እውነተኛ ታሪክ ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. ከ1981 መጨረሻ ጀምሮ የሲያድ ባሬ መንግሥት የሐርጌሳን ሆስፒታል ለማሻሻል የተነሡ ወጣት ሐኪሞችን፣ መምህራንንና ሌሎች የተማሩ ሰዎችን አሰረ። ኋላም ባይዶዋ አጠገብ ላባታን ጅሮው ወደሚባል እስር ቤት ወሰዳቸው፤ እያንዳንዳቸውም ለብቻ ተዘጉ። መነጋገር ክልክል ነበር። (የእኛው አየር ኃይል አብራሪ ለገሠ ተፈራም በኦጋዴን ጦርነት ተማርኮ በዚያው መንግሥት እጅ 11 ዓመት ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ1988 ነው የተመለሰው። የአንድ ዘመን መከራ ነው።) ከታሰሩት አንዱ መሐመድ ባሩድ ዓሊ ነበር፤ በተያዘ ጊዜ ገና አዲስ ሙሽራ ነው። በጨለማው እንቅልፍ አጣ፤ ፍርሃት ያዘው፤ አእምሮዬን ልስት ነው አለ። በጎረቤት ክፍል የነበረው ዶክተር አደን አቦከር ግድግዳውን እየመታ ያነጋግረው ነበር፤ እስረኞቹ ለየፊደሉ የምት ቁጥር ሰጥተው ቋንቋ ፈጥረዋልና። ዶክተሩ አንድ ቀን መጽሐፍ እንዲገባለት ተፈቀደለት፤ የቶልስቶይ አና ካሬኒና ነበር። ያን ብዙ መቶ ገጽ ያለው መጽሐፍ ፊደል በፊደል፣ በጣቱ አንጓ እየመታ ለጎረቤቱ አነበበለት። ባሩድ በ1989 ተፈታ። 

በእኔ አስተያየት ዶክተሩ ከዚህ የተሻለ መድኃኒት ሊያዝለት አይችልም ነበር። በየቀኑ የሚጠበቅ ነገር አገኘ፤ የሰው ምልክት አገኘ፤ አሳቡ ከራሱ ላይ ተነሥቶ በሌላ ሰው ሕይወት ላይ ዋለ። እናንተ ግድግዳ መምታት አያስፈልጋችሁም፤ በእናንተና በሰውየው መካከል ያለው ሸራ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ ስለ አካል ነርቮችም ጥቂት ልበል፤ ብዙ ጊዜ ይረሳሉና። በጀልባ ወይም በጭነት መኪና ውስጥ ጉልበቱን አጥፎ፣ ቁጢጥ ብሎ ረጅም ሰዓት የተጓዘ ሰው ከጉልበቱ በታች በጎን በኩል የሚያልፈው ነርቭ ይጨፈለቃል። ሲነሣ የእግሩ መዳፍ ወደ ላይ አልታዘዝ ይለዋል፤ ሲራመድ ጣቱ መሬት ይጎትታል። በገመድ ወይም በካቴና እጁ ጠብቆ የታሰረ ደግሞ ከአውራ ጣቱ ጀርባ ይደነዝዘዋል። «ሽባ ሆንኩ» ብሎ ተስፋ የቆረጠ አይቻለሁ። ነርቩ ካልተቆረጠ አብዛኛው በሳምንታትና በወራት ይመለሳል፤ ነገር ግን በቶሎ መታየት፣ ቁጢጥ ማለትን መተው፣ እግሩን በየቀኑ ማንቀሳቀስ ያስፈልጋል። የአንድ ወገን እጅና እግር አብረው ድንገት ከዛሉ፣ አፍም ከተጣመመ ይህ ሌላ ነው፤ በዚያው ሰዓት አምጡት።

ምግብም አለ። ወራት ሙሉ ነጭ ሩዝ ወይም ደረቅ ዳቦ ብቻ የተሰጠው ሰው ቫይታሚን ቢ 1 ሊያልቅበት ይችላል። ይህ ቫይታሚን ከሌለ ነርቭ አይሠራም። እግሩን ያቃጥለዋል፣ ይደነዝዘዋል፣ ጉልበቱ ይከዳዋል። ሲብስ ዓይኑ ይንቀጠቀጣል ወይም ሁለት ያሳየዋል፤ እንደ ሰካራም ይንገዳገዳል፤ ይቀባጥራል። እንዲህ ያለውን ሰው «ጠጥቶ ነው» ብላችሁ እንዳታልፉት፤ ቢ 1 በመርፌ በቶሎ ካላገኘ አንጎሉ ለዘለቄታው ይጎዳል። ሌላው በራሽን ከምታገኙት ምስርና አተር፣ ከፋፋም ይጠቀማል። በጣም ከስቶ የመጣውን ግን በመጀመሪያው ቀን በምግብ አታጥግቡት። እናቶች ይህን መስማት እንደሚከብዳቸው አውቃለሁ። ቢሆንም የተራበ ሰውነት በአንድ ጊዜ ብዙ ሲገባበት ይታመማል፤ ጥቂት ጥቂት እየሰጣችሁ ክሊኒክ አሳዩት።

እንግዲህ ቤት ውስጥ ምን እናድርግ?

ከሁሉ በፊት ቀንና ሌሊቱን መልሱለት። በጠዋት በአንድ ሰዓት ይቀስቀስ፤ የመጠለያው መግቢያ ይከፈት፤ በጥላ ሆኖ የጠዋት ብርሃን ይይ። በጨለማ የኖረ ዓይን ፀሐይ ይወጋዋልና በእኩለ ቀን ጎትታችሁ አታውጡት። በእኛ አገር ሙቀት፣ ይልቁንም ካምሲን በሚነፍስበት ከሰኔ እስከ ነሐሴ፣ የሚወጣው ማለዳና ማታ ብቻ ነው። መጀመሪያ እስከ ውሃ መቅጃው፣ በሳምንቱ እስከ ገበያው ይሂድ። ሲነሣ የሚያዞረው ከሆነ መጀመሪያ ቁጭ ይበል፤ ብዙ የተኛ ሰው የደም ግፊቱ ቶሎ አይስተካከልም።

ቀጥሎ ሰው ነው፤ ግን ብዙ ሰው አይደለም። «እንኳን ደኅና መጣህ» ለማለት መንደሩ ሁሉ ሲገባበት ያ የአደጋ ደወል ይነሣበታል። በየቀኑ አንድ ወይም ሁለት የሚያውቀው ሰው፣ በተመሳሳይ ሰዓት መጥቶ አጠገቡ ይቀመጥ። ባያወራም ግድ የለም። «ምን አደረጉህ? ንገረን» ብላችሁ አትመርምሩት፤ ምርመራ ሰልችቶታል። ሲናገር ስሙት፤ ሲያቆም አቁሙ። ዛሬ ቀኑ ስንት እንደሆነ፣ ማን እንደወለደች፣ ቦቴው መቼ እንደሚመጣ ንገሩት፤ ጊዜ የጠፋበት ሰው በእንዲህ ያለ ወሬ ነው ጊዜውን የሚያገኘው። ስትቀርቡት ከፊት ለፊት፣ ስሙን እየጠራችሁ ይሁን። ሥራ ስጡት፤ ምስር ይልቀም፣ ጄሪካን ይጠብ፣ ልጅ ያስቆጥር። ቡና ስታፈሉ ጥሩት። የቡናው ሥርዓት ራሱ ጥሩ ሕክምና ነው፤ እንቅልፍ ላጣው ሰው ግን የማታው ስኒ ይቅርበት።

ስለ ጫትም መናገር አለብኝ። ከኢትዮጵያ በየቀኑ የሚገባው ጫት ከቀትር በኋላ ሲከፋፈል ጓደኞቹ «ቃም፣ ይፍታታልህ» ይሉታል። ለጥቂት ሰዓት ያወራል፤ ልክ ነው። ሌሊቱን ግን ሳይተኛ ያድራል፤ በማግሥቱ ጥርጣሬውና ድብርቱ ብሶ ይነሣል። የተጎዳ ነርቭ እንቅልፍ እንጂ አነቃቂ አይሻም። የእንቅልፍ ኪኒንም ከሱቅ ወይም ከሰው እጅ አትግዙለት።

በጅቡቲ ከተማ በሰው ቤት የምትሠሩ እኅቶቻችን ይህን ወረቀት ከካምፕ ዘመድ ልኮላችሁ ታነቡ ይሆናል። በሩ የሚቆለፍባችሁ ከሆነ በመስኮት በኩል የጠዋት ብርሃን እዩ፤ ከሥራ ሌላ ሰውነታችሁን አንቀሳቅሱ፤ ቀኑን በወረቀት ላይ ምልክት አድርጉ፤ በቋንቋችሁ ጮክ ብላችሁ ጸልዩ፣ ዘምሩ፣ ለራሳችሁ ተረት ተርቱ። ይህ እብደት አይደለም፤ አንጎልን በሥራ ላይ ማቆየት ነው። ስልክ ካላችሁ በሳምንት አንድ የታወቀ ሰዓት ይዛችሁ ከአንድ ሰው ጋር ተነጋገሩ፤ ያ ሰው ሳትደውሉ ስትቀሩ የሚፈልጋችሁ ይሁን።

ናጋድ ሲባል ዛሬ ብዙ ሰው ትዝ የሚለው ባቡር ጣቢያው ነው። ወረቀት የሌላቸው ስደተኞች ተይዘው የሚቆዩበት ስፍራም እዚያው አካባቢ ነው። ከዚህ ጋር የተያያዘ አንድ ብርቱ ማሳሰቢያ አለኝ። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው ፌኖባርቢታሉ ድንገት ከተቋረጠበት ማቆሚያ የሌለው መንቀጥቀጥ ሊይዘውና ሊሞት ይችላል። ስለዚህ የሚጥል በሽታ፣ የአእምሮ ሕመም፣ የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒት የምትወስዱ ሁሉ ወደ ከተማ ስትሄዱ የመድኃኒቱን ስምና መጠን የያዘ የክሊኒክ ወረቀት ከስደተኛ መታወቂያችሁ ጋር በኪሳችሁ ይኑር። ብትያዙ ለመጀመሪያው ፖሊስ አሳዩት። መድኃኒቱን የያዘ ዘመድ ካለም ወዲያው ይወቅ።

አሁን ወደ ሰንሰለቱ ልመለስ። በጉራጌ፣ ሶዶ ወረዳ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2017 የታተመ ጥናት የአእምሮ ሕመምተኛ ዘመዳቸውን ያሰሩ ቤተሰቦችን ለምን ብሎ ጠይቆ ነበር። ከጥላቻ አልነበረም። እንዳይጠፋ፣ ሰው እንዳይመታው፣ እርሱም ሰው እንዳይመታ፣ ሕክምናም ስላጡ ነበር የሚያስሩት፤ እያለቀሱ የሚያስሩ እናቶች ነበሩ። ስለዚህ ማንንም ልወቅስ አልተነሣሁም። ነገር ግን እስካሁን የነገርኋችሁን አስቡ። ጨለማው፣ ብቸኝነቱ፣ አለመንቀሳቀሱ፣ የእጅ ነርቭ የሚጨፈልቀው ገመድ፣ እነዚህ ራሳቸው ያሳመሙት ነገሮች ናቸው። ከደላላው ግቢ አምልጦ መጥቶ እናቱ ደጃፍ ላይ ሲታሰር፣ አንጎሉ በሁለቱ መካከል ልዩነት አያገኝም። የሚጥል በሽታ ያለባቸውንና ልዩ ጉዳት ያለባቸውን ልጆች ውሃ ለመቅዳት ስትሄዱ ዘግታችሁባቸው የምትሄዱም አላችሁ። የልጅ አንጎል የሚያድገው ሲያናግሩት ነው። ተራ ገብታችሁ ለጎረቤት አደራ ስጡ።

ጠበልና ጸሎት፣ ዱዓም ለሚፈልግ ይሁን፤ ሕክምናው አይቃወመውም። መድኃኒቱን አስጥሎ መውሰድን ግን ይቃወማል።

«ሕክምና ከየት?» ለምትሉ፣ ጅቡቲ እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጣችው የስደተኞች ሕግ ለስደተኛ የጤና አገልግሎት የማግኘት መብት ሰጥቷል። መጀመሪያ የካምፑ ክሊኒክ ይምጡ፤ ከዚያ በላይ የሆነው ወደ ጅቡቲ ከተማ ይላካል። ሰውየው ራሱ መምጣት እምቢ ካለ አታስገድዱት፤ አንድ የቤተሰብ ሰው መጥቶ ለነርሷ ይንገር፤ ሄደን እናየዋለን። ሳይጠብቁ መምጣት ያለባቸው ግን አሉ፤ የሚንቀጠቀጥና የማይነቃ፣ ትኩሳት ይዞት አንገቱ የደረቀ፣ የሚቀባጥር፣ ለቀናት ያልበላና ያልጠጣ፣ መሞት እፈልጋለሁ የሚል። ይህን የመጨረሻውን መጠየቅ አትፍሩ። «ራስህን ለመጉዳት ታስባለህ ወይ?» ብሎ መጠየቅ አሳቡን አያመጣበትም፤ ብዙ ጊዜ ያቃልልለታል። አዎ ካለ ብቻውን አትተዉት፤ ገመድ፣ ላምባ፣ በረኪናና ኪኒን ከአጠገቡ አርቁ፤ ሌሊትም ቢሆን አምጡት።

አሁን የታሰረ ሰው በቤታችሁ ካለ ዛሬውኑ በአንድ ጊዜ ፍቱት አልልም፤ ምን እንደሚከተል አላውቅምና። ነገ ጠዋት መጥታችሁ ንገሩን። ነርሷ እናንተ ባላችሁበት፣ ሰውየው ወዳለበት መጥታ አብራችሁ ሆና የምትፈታበትን ጊዜ ትወስናለች። እስከዚያው ሸራውን ግለጡለት፤ ገመዱን አላሉለት፤ ቦታውን ቀይሩለት፤ ውሃ አቅርቡለት፤ አንድ ሰው አጠገቡ ይቀመጥ።